የድሮ አክሰስ ዳታቤዝ በተኖችን መልክ ማዘመን፦ ኩዊክ ስታይልስ ለምን አይነካም?

ሠንጠረዥ_7፦

ሰላም ለሁላችሁም።

በማይክሮሶፍት አክሰስ 2003 (የዳታቤዝ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ የኤምዲቢ ፋይል (የድሮው የአክሰስ ፋይል ዓይነት) አለኝ፤ አሁን የምንከፍተው በአክሰስ 2016 ነው። ቴብሎቹ ሰርቨር ላይ በተቀመጠ ሌላ ኤምዲቢ ውስጥ ናቸው፤ ፎርሞቹና ሪፖርቶቹ ደግሞ በየኮምፒውተሩ ባለው ፍሮንት ኢንድ ላይ። ፎርሞቹ ወደ 40 ይጠጋሉ። ሥራው ላይ እንከን የለውም፤ መልኩ ግን አርጅቷል። በተኖቹ ግራጫ ናቸው፣ ጠርዛቸው ጎላ ብሎ የወጣ፣ ቁርጥ የዊንዶውስ 95 ዘመን። የምፈልገው ጠፍጣፋ፣ ባለ አንድ ቀለም፣ ማውስ ሲያርፍበት ቀለሙ የሚለወጥ በተን ነው። ከዚያ ያለፈ ጌጥ አልፈልግም።

በዲዛይን ቪው አንዱን በተን መርጬ ፎርማት ታብ ላይ ስሄድ ኩዊክ ስታይልስ (ዝግጁ የበተን መልኮች) እና ቼንጅ ሼፕ (ቅርጽ መቀየሪያው) ፈዝዘው ይቀመጣሉ፤ አይነኩም። ፕሮፐርቲ ሺቱ ላይም ሆቨር ከለር (ማውስ ሲያርፍ የሚታየው ቀለም) የሚባል ነገር አይታይም። «በተኑን አጥፋና ሌብል አድርግበት፣ ሌብል እንደፈለግከው ይቀለማል» ያለኝ ሰው አለ። ያዋጣል? 40 ፎርም አንድ በአንድ ከፍቶ ከመቀየር ሌላስ መንገድ አለ? በተጨማሪ ፒኤንጂ አይኮን ሳስገባ ግልጽ መሆን የነበረበት ጀርባው ባለ ቀለም ሳጥን ሆኖ ይመጣል።

ኮድ_ቀማሪ፦

ችግሩ በተኑ ላይ ሳይሆን የፋይሉ ዓይነት ላይ ነው። ኩዊክ ስታይልስ፣ ቼንጅ ሼፕ፣ ሆቨር ከለር፣ ፕረስድ ከለር የመጡት ከአክሰስ 2010 ጋር ነው፤ የሚሠሩትም በኤሲሲዲቢ ፋይል፣ ማለትም በአዲሱ የአክሰስ ፋይል ዓይነት፣ ውስጥ ብቻ ነው። ኤምዲቢውን በ2016 ብትከፍተውም አክሰስ በድሮው ፎርማት ሕግ ነው የሚያስተናግደው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍሮንት ኢንዱን መቀየር ነው። ባክ ኢንዱን፣ ማለትም ቴብሎቹ ያሉበትን ፋይል፣ አትንካው። የኤሲሲዲቢ ፍሮንት ኢንድ ኤምዲቢ ውስጥ ካሉ ቴብሎች ጋር ያለ ችግር ሊንክ ያደርጋል፣ የበተን መልክ ደግሞ ከቴብል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኤምዲቢውን ኮፒ አድርገህ ኮፒው ላይ ሥራ። ከዚያ ፋይል፣ ሴቭ አዝ፣ ሴቭ ዳታቤዝ አዝ፣ አክሰስ ዳታቤዝ። አዲሱ ፋይል ሲከፈት ወዲያው ወደ ቪቢኤ ኤዲተሩ (የአክሰስ ኮድ የሚጻፍበት) ግባና ዲባግ የሚለው ሜኑ ውስጥ ኮምፓይልን ተጫን። እዚህ ላይ ስህተት ከወጣ ቱልስ ውስጥ ሬፈረንስስን ክፈትና ሚሲንግ የሚል የተጻፈበት መስመር ካለ ተመልከት። በ2003 ፋይሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የካሌንደር ኮንትሮሉ ነው፤ እሱ ከአክሰስ 2010 ጀምሮ ወጥቷል። አክሰሱ 64 ቢት ከሆነ ደግሞ ዲክሌር የሚሉት የዊንዶውስ ኤፒአይ መስመሮች ሁሉ ፒቲአር ሴፍ የሚለው ቃል ካልተጨመረባቸው ኮምፓይል አያልፉም።

ሁለት ነገር ኤሲሲዲቢ ውስጥ የለም፦ ሬፕሊኬሽን (የዳታቤዝ ቅጂዎችን ማመሳሰል)፣ እና በኤምዲደብልዩ ፋይል የሚሠራው የተጠቃሚ ደረጃ ጥበቃ። ሁለተኛው ለአንተ ጥያቄ ቅርብ ነው። ምክንያቱም ብዙ የድሮ ዳታቤዞች የገባውን ሰው ስም የሚመልሰውን «ካረንት ዩዘር» የሚለውን ፈንክሽን እየጠየቁ ነው አንዳንድ በተኖችን የሚደብቁት። ኤሲሲዲቢ ውስጥ ያ ፈንክሽን ለማንም ሰው «አድሚን» ብሎ ይመልሳል። ያኔ ተደብቆ የነበረው የማጥፊያ (ዲሊት) በተን ለሁሉም ሰው ብቅ ይላል፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይወጣም። ከመቀየርህ በፊት ኮዱ ውስጥ ፈልገው።

ፋይሉ ከተቀየረ በኋላም በተኖቹ በራሳቸው አይለወጡም። ዩዝ ቲም የሚለው ፕሮፐርቲ በአሮጌዎቹ በተኖች ላይ «ኖ» እንደሆነ ነው የሚቆየው። እሱ «ኖ» እስከሆነ ድረስ ቀለም ብትሰጠውም አይቀበልም፤ ኩዊክ ስታይልስም እንደ ፈዘዘ ይቀራል። በተኑን መርጠህ በፕሮፐርቲ ሺቱ ፎርማት ታብ ላይ ዩዝ ቲምን «የስ» ስታደርገው ሁሉም ይከፈታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአንድ ደቂቃ ሙከራ አለች። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ካረንት ዳታቤዝ ውስጥ «ዩዝ ዊንዶውስ ቲምድ ኮንትሮልስ ኦን ፎርምስ» የምትል ሳጥን አለች። የ95 ዘመን የሚመስለው ጎላ ያለ ጠርዝ ያለው ይህች ሳጥን ስላልተመረጠች ነው። ምልክት አድርግባትና ፋይሉን ዘግተህ ክፈተው፤ ኤምዲቢ ላይም ትሠራለች። ጠፍጣፋ ባለ ቀለም በተን አትሰጥህም፣ ግን ግራጫው ሳጥን የዊንዶውሱን መልክ ይይዛል። ፋይሉን መቀየር ለማይችል ሰው ቢያንስ ይህ አለ።

ሠንጠረዥ_7፦

አመሰግናለሁ። ኮፒው ላይ ቀየርኩት፤ ኮምፓይሉም አለፈ። ዩዝ ቲምን «የስ» ሳደርግ በተኑ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ተለወጠ፣ ከላይ ወደ ታች ቀለሙ የሚደበዝዝ ዓይነት። ጠፍጣፋ ላደርገው ሞከርኩና ጥቁር ሰማያዊ ባክ ከለር ሰጠሁት፣ ጽሑፉን ነጭ አደረግኩ። አሁን ችግሩ ማውሱ ሲያርፍበት ነው፦ በተኑ ይፈዛል፣ ጽሑፉም አብሮ አይነበብም።

ንድፈኛዋ፦

ያ የሚሆነው በተኑ አንድ የጽሑፍ ቀለም ስለሌለው ነው፤ ሦስት አለው። ፎር ከለር በተኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚታየው ነው። ሆቨር ፎር ከለር ማውስ ሲያርፍበት፣ ፕረስድ ፎር ከለር ደግሞ ሲጫኑት። እርስዎ የቀየሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለቱ ግን ከቲሙ (ከዳታቤዙ የቀለምና የፎንት ስብስብ) የመጣላቸውን ቀለም እንደያዙ ናቸው። የጀርባውም እንደዚሁ ሦስት ነው፦ ባክ ከለር፣ ሆቨር ከለር፣ ፕረስድ ከለር። ከቦርደር ከለር ጋር በድምሩ ሰባት ቀለም ይሰጣሉ ማለት ነው። ስድስቱን ሞልቶ አንዱን መርሳት የተለመደ ነው፤ የሚረሳውም ሁልጊዜ ሆቨር ፎር ከለር ነው።

አብረው የሚሄዱ ቀለሞች ልስጥዎ፤ በቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቅደም ተከተል። ባክ ከለር 31፣ 78፣ 121። ሆቨር ከለር 46፣ 117፣ 182። ፕረስድ ከለር 22፣ 55፣ 86። ሦስቱም የጽሑፍ ቀለሞች ነጭ፣ ማለትም 255፣ 255፣ 255። ነጭ ጽሑፍ በመጀመሪያው ላይ ያለው ንጽጽር 8.6 ለ1 አካባቢ ነው፣ በሆቨሩ ላይ 4.8 ለ1። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛ ብሎ የሚያስቀምጠው 4.5 ለ1 ስለሆነ ሁለቱም ያልፋሉ። ብዙ ሰው የሚወደው ፈካ ያለ ሰማያዊ፣ 91፣ 155፣ 213፣ ከነጭ ጋር 3 ለ1 እንኳን አይሞላም። ማስታወቂያ ላይ ያምራል፤ ቀኑን ሙሉ ዳታ ለሚያስገባ ሰው ግን ዓይን ያደክማል።

የሚደበዝዘውን ነገር ለማጥፋት ፎርማት ታብ ላይ ሼፕ ፊል፣ ግራዲየንት፣ ከዚያ ኖ ግራዲየንት። ሼፕ ኢፌክትስ ውስጥ ያሉትን ሻዶው፣ ግሎው፣ ሶፍት ኤጅስ፣ ቤቨል አራቱንም ባዶ ያድርጓቸው። ቦርደር ስታይል ትራንስፓረንት ቢሆን ጥሩ ነው። ቼንጅ ሼፕ ላይ ማዕዘኑ በትንሹ የተጠማዘዘውን ወይም ቀጥ ያለውን አራት ማዕዘን ይምረጡ፤ እንቁላል ቅርጽና ባለ ቀስቱን ለሌላ ቀን ያቆዩአቸው።

ከቀለሙ ይልቅ ግን አንድን ፎርም ያረጀ የሚያስመስለው የበተኖቹ መጠን መዘበራረቅ ነው። አንዱ 0.6 ሴንቲሜትር ከፍታ፣ ጎረቤቱ 0.75፣ ክፍተታቸውም የተለያየ። ከፍታውን ለሁሉም 0.8፣ ስፋቱን 2.8 ሴንቲሜትር አድርገው ይጀምሩ፤ ረጅም ጽሑፍ ላለው ብቻ 4.2 ይስጡ። ሁሉንም መርጠው በፕሮፐርቲ ሺቱ ላይ ሃይት አንዴ ቢጽፉ ለሁሉም ይገባል። ክፍተቱን ደግሞ አሬንጅ ታብ ላይ ሳይዝ ስፔስ ውስጥ ኢኩዋል ሆሪዞንታል እኩል ያደርገዋል።

አንድ ምክር ልጨምር፦ ሁሉንም በተን በአንድ ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ አይሙሉ። በአንድ ፎርም ላይ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚጫነው አንድ ወይም ሁለት በተን ነው፤ እነሱ ሙሉ ቀለም ይኑራቸው። የቀሩት ነጭ ጀርባ፣ ግራጫ ቦርደርና ጥቁር ጽሑፍ ይበቃቸዋል። 10 በተን እኩል ሲጮህ ሴቭ የቱ እንደሆነ ዓይን አይለይም።

ኮድ_ቀማሪ፦

ከላይ ባለው ላይ አንዲት ወጥመድ። ቀለሙን በኮድ የምትሰጥ ከሆነ አርጂቢ የሚለውን ፈንክሽን ተጠቀም እንጂ ከድረ ገጽ የገለበጥከውን የቀለም ኮድ እንዳለ አታስገባ። ቪቢኤ ቀለምን የሚያስቀምጠው ቀዩን ከታች፣ ሰማያዊውን ከላይ አድርጎ ነው። 31፣ 78፣ 121 በቪቢኤ 7949855 ነው። የድረ ገጹን ቅደም ተከተል እንዳለ ካስገባኸው ቀይና ሰማያዊው ቦታ ይለዋወጡና ጥቁር ሰማያዊው ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ፕሮፐርቲ ሺቱ ላይ ግን በድረ ገጹ አጻጻፍ፣ ከፊቱ # አድርገህ ብታስገባ ችግር የለም፤ እዚያ ራሱ ይገለብጠዋል።

ስለ 40ው ፎርም፦ አንድ በአንድ መክፈት አያስፈልግም። አንድ ናሙና ፎርም ሥራ፤ በላዩ ሁለት በተን ብቻ ይኑር፣ ዋናውና ተከታዩ፣ ንድፈኛዋ እንዳለችው ተቀብተው። ከዚያ በስታንዳርድ ሞጁል ውስጥ አንዲት ሰብ (ሥራውን በተከታታይ የምትሠራ የቪቢኤ ኮድ) ጻፍ። የምትሠራው ይህን ነው፦

1. ከካረንት ፕሮጀክት ኦል ፎርምስ የፎርሞቹን ስም በሙሉ ትሰበስባለች። ሰብፎርሞችም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ለብቻ ማሰብ አያስፈልግም።

2. ናሙናውን ፎርም በዲዛይን ቪው ትከፍታለች።

3. እያንዳንዱን ፎርም በዱ ሲኤምዲ ኦፕን ፎርም ትከፍታለች፤ ቪው 1፣ ማለትም ዲዛይን፤ ዊንዶው ሞድ 1፣ ማለትም የተደበቀ። በዲዛይን ቪው ሲከፈት የፎርሙ ሎድና ኦፕን ኢቨንቶች (ፎርሙ ሲከፈት የሚነሱ ኮዶች) ስለማይነሱ የሎጊን ጥያቄ ወይም ሜሴጅ ቦክስ መንገድ ላይ አያቆማትም።

4. በኮንትሮሎቹ ላይ እየዞረች ኮንትሮል ታይፑ 104 የሆነውን ትይዛለች፤ ያ ኮማንድ በተን ነው። ቶግል በተንም ካለህ 122ን ጨምር።

5. ከናሙናው በተን ላይ እያነበበች ታስተላልፋለች፦ ዩዝ ቲም፣ ሼፕ፣ ግራዲየንት፣ ቤቨል፣ ሻዶው፣ ግሎው፣ ሶፍት ኤጅስ፣ ቦርደር ስታይል፣ ፎንት ኔም፣ ፎንት ሳይዝ፣ ከዚያ ሰባቱ ቀለሞች። የፕሮፐርቲዎቹን ስም በአሬይ አስቀምጠህ በፕሮፐርቲስ ኮሌክሽን ብታዞራቸው ኮዱ ከ30 መስመር አያልፍም።

6. ዱ ሲኤምዲ ክሎዝ፣ ሴቭ የስ።

ከናሙና ማንበብ የመረጥኩበት ምክንያት ግራዲየንትና ሼፕ ቁጥር ስለሚቀበሉ ነው። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ ከመፈለግ በእጅ ቀብቶ የተገኘውን ዋጋ መገልበጥ ይቀላል፤ ነገ ሐሳብህን ብትቀይርም ናሙናውን አስተካክለህ ሰቧን ደግመህ ማስኬድ ነው።

የትኛው ዋና፣ የትኛው ተከታይ እንደሆነ ሰቧ በራሷ አታውቅም። ለዚያ ታግ የሚለውን ፕሮፐርቲ ተጠቀም፤ ዋናዎቹ ላይ 1 ጻፍ፣ ሌሎቹን ባዶ ተዋቸው፣ እንዳይነኩ የምትፈልጋቸው ላይ 9። ትራንስፓረንት ፕሮፐርቲያቸው «የስ» የሆኑ በተኖች ካሉ እነሱንም 9 አድርጋቸው፤ ምስል ላይ የተደረቡ የማይታዩ በተኖች ናቸውና መቀባቱ አይጠቅማቸውም።

ናሙናው ላይ ቀለሙን ከቲሙ የመረጥክ ከሆነ፣ ለምሳሌ አክሰንት 1፣ ባክ ከለር የሚለውን ዋጋ አትገልብጥ። በሱ ፈንታ ባክ ቲም ከለር ኢንዴክስን፣ ባክ ቲንትን እና ባክ ሼድን ሦስቱን አብረህ ውሰድ። አክሰንት 1 ኢንዴክሱ 4 ነው። ቲንትና ሼዱን ከረሳህ የቀለሙ ጥቁረትና ፍካት ከናሙናው ጋር አይገጥምም። የዚህ መንገድ ጥቅሙ በኋላ የዳታቤዙን ቲም ስትቀይር በተኖቹ በሙሉ ተከትለው መለወጣቸው ነው። ቋሚ ቁጥር የሰጠኸው ግን ቲም ቢቀየርም ከቦታው አይነቃነቅም። የድርጅትህ ቀለም የታወቀ ከሆነ ቋሚው ይሻላል፣ ካልሆነ የቲሙ።

ከማስኬድህ በፊት፦ ፋይሉን ኤክስክሉሲቭ አድርገህ ክፈት፤ ሌላ ሰው ከገባበት አክሰስ የዲዛይን ለውጥ ሴቭ አያደርግም። እያንዳንዱን ፎርም በሴቭ አዝ ቴክስት ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጣው፤ አንዱ ቢበላሽ በሎድ ፍሮም ቴክስት እሱን ብቻ ትመልሳለህ። ሰቧ ውስጥ «ኦን ኤረር ሪዝዩም ኔክስት» አታስገባ። የተዘለለ ፎርም እንዳለ ሳታውቀው ያልፋል። ይልቅ የፎርሙን ስም በዲባግ ፕሪንት እያወጣች ትሂድ፤ የቆመችበትን ታያለህ። 40 ፎርም ተራ በተራ ሴቭ ሲደረግ ፋይሉ ያብጣል፣ ስለዚህ ስትጨርስ ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር። ያለህ ኤምዲኢ (ዲዛይኑና ኮዱ የተቆለፈበት ቅጂ) ብቻ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ኤምዲኢ ዲዛይን ቪው ስለማይከፍት ዋናው ኤምዲቢ የግድ ያስፈልጋል።

ሰቧ ካለቀች በኋላ አንዳንድ በተን ፎርሙ ሲከፈት ወደ ድሮ ቀለሙ ከተመለሰ፣ የፎርሙ ሎድ ኢቨንት ውስጥ ባክ ከለር ወይም ፎር ከለር የሚሰጥ የድሮ መስመር አለ ማለት ነው። ቪቢኤ ኤዲተሩ ውስጥ ፈልግ በሚለው ካረንት ፕሮጀክትን መርጠህ አንድ በአንድ አውጣቸው።

የፎርም_ጠበቃ፦

ሌብሉን ማንም ያልመለሰው ስለሆነ እኔ ልመልስ፦ አታድርገው። መልኩ ላይ ጥሩ ይመስላል፣ ችግሩ የሚመጣው ዳታው ላይ ነው።

ሌብል ፎከስ አይቀበልም፤ ማለትም ቢጫኑትም ኪቦርዱ የሚሠራበት ቦታ ወደ እሱ አይሄድም። ተጠቃሚው ቴክስት ቦክስ ውስጥ 250 የነበረውን 300 ብሎ ጻፈና ወዲያው «አስላ» የሚለውን ሌብል ተጫነ እንበል። ፎከሱ ከቴክስት ቦክሱ ስላልወጣ አዲሱ ዋጋ ሲገባ የሚነሱት ቢፎር አፕዴትም አፍተር አፕዴትም አልተነሱም። ኮድህ የቴክስት ቦክሱን ቫልዩ ሲያነብ የሚያገኘው 250 ነው። ስክሪኑ ላይ 300 ይታያል፣ ስሌቱ በ250 ይወጣል፣ ማንም የስህተት መልእክት አያይም። እውነተኛ በተን ቢሆን ኖሮ ሲጫኑት ፎከሱን ወደ ራሱ ስለሚስብ 300ው ቀድሞ ይገባ ነበር። ይህ ለአንድ ቀለም የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ከዚያ ውጭ ሌብል በታብ አይደረስበትም፣ በስፔስ ወይም በኢንተር አይጫንም፣ ዲፎልትና ካንስል የሚባሉት ፕሮፐርቲዎች የሉትም። የድሮ ዳታቤዝ ተጠቃሚዎች ደግሞ እጃቸው ኪቦርድ ላይ ነው የሚውለው፤ ኢንተር ሲመቱ ሴቭ የሚያደርገው በተን አንድ ቀን ሌብል ሆኖ ቢጠብቃቸው ስልክህ አያርፍም።

በምስል ላይ ትራንስፓረንት በተን መደረቡ ከሌብል ይሻላል፣ ፎከስ ስለሚቀበል። ግን ታብ ሲያርፍበት የት እንዳለ በዓይን አይታይም። እዚህ ላይ ሁለት ስማቸው የሚቀራረብ ፕሮፐርቲዎችን ሰው ያምታታል። ባክ ስታይል ትራንስፓረንት ሲሆን የሚጠፋው የበተኑ ጀርባ ብቻ ነው፣ ጽሑፉ ይታያል። ትራንስፓረንት የሚለው ራሱ «የስ» ሲሆን ግን በተኑ ጽሑፉ ሳይቀር በሙሉ ይጠፋል፣ መጫኑ ብቻ ይቀራል። «በተኔ ጠፋ» የሚሉ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ከዚህ ናቸው።

ኤምዲቢ ላይ ለመቆየት የሚገደዱ ሰዎች ሆቨርን በማውስ ሙቭ ኢቨንት ይሠሩታል። ከተሠራ አይቀር ሁለት ነገር ይያዝ። ማውስ ሙቭ ማውሱ በተነቃነቀ ቁጥር ይነሳል፤ ቀለሙን እያንዳንዱ ጊዜ ብትሰጠው ይብለጨለጫል። መጀመሪያ ቀለሙ የተለየ መሆኑን ጠይቅ፣ ከዚያ ስጥ። ቀለሙን የሚመልሰው ደግሞ የዲቴል ሴክሽኑ (በተኖቹ የተቀመጡበት የፎርሙ ጀርባ) ማውስ ሙቭ ነው፤ በተኖቹ ተጣብቀው ከተቀመጡ ወይም ከፎርሙ ጠርዝ አጠገብ ከሆኑ ፈጣን ማውስ ዲቴሉን ሳይነካ ይወጣና በተኑ እንደበራ ይቀራል። በዙሪያው ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ ቦታ መተው ችግሩን ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም።

ሠንጠረዥ_7፦

ሌብሉን ትቼዋለሁ። ሰቧ ሠርታለች፣ በሎድ ውስጥ ቀለም የሚሰጡ ሦስት ፎርሞች ነበሩ፣ አጠፋኋቸው። የቀሩኝ ሁለት ናቸው። አይኮኖቹ ፋይሉ ኤሲሲዲቢ ከሆነም በኋላ ባለ ሳጥን ናቸው። ሁለተኛው፣ በአንድ ፎርም ላይ የበተኑ ጽሑፍ በኮድ ነው የሚቀያየረው፣ «አስተካክል» እና «መዝግብ» እያለ። በአማርኛ ስጽፈው ኮዱ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል።

ንድፈኛዋ፦

አይኮኑ፦ ከኤምዲቢ የተቀየረ ፋይል የድሮውን የምስል አቀማመጥ ይዞ ይመጣል። ኦፕሽንስ፣ ካረንት ዳታቤዝ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ፒክቸር ፕሮፐርቲ ስቶሬጅ ፎርማት የሚል አለ። ምስሉን ሁሉ ወደ ቢትማፕ ቀይር የሚለው ተመርጦ ከሆነ ፒኤንጂው ሲገባ ግልጽነቱ ይቀራል። ከላይ ያለውን፣ የምስሉን ፎርማት እንዳለ አቆይ የሚለውን ይምረጡ። አንዴ ቢትማፕ ሆኖ የገባው ምስል በዚህ አይመለስም፤ አጥፍተው ከዋናው ፒኤንጂ እንደገና ያስገቡት።

ሲያስገቡ ፒክቸር ታይፕ የሚለውን ሼርድ ያድርጉት። ኢምቤድድ ከሆነ የሴቭ አይኮኑ 40 ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ሼርድ ሲሆን አንድ ቅጂ ብቻ ኤምሲስ ሪሶርስስ በሚባለው ሲስተም ቴብል ውስጥ ይቀመጥና ሁሉም በተን ከዚያ ይወስዳል፤ አይኮኑን ለመቀየርም አንድ ቦታ መቀየር ይበቃል። ምስልና ጽሑፍ አብረው እንዲታዩ ፒክቸር ካፕሽን አሬንጅመንት ከኖ ፒክቸር ካፕሽን ወደ ራይት ወይም ሌፍት ይቀየር። የአይኮኑን መጠን ቀድመው ያዘጋጁ። ኮማንድ በተን ምስልን አያሳንስም፣ የተረፈውን ይቆርጠዋል እንጂ። 0.8 ሴንቲሜትር ከፍታ ላለው በተን 16 በ16 ፒክስል ይመጥናል፤ ከላይ ምስል ከታች ጽሑፍ ለሚሆን ትልቅ በተን 32 በ32። የስክሪን ስኬሉ 125 እና 150 በመቶ በሆነ ኮምፒውተር ላይም ከፍተው ይዩት።

አማርኛው ላይ፦ ፎንቱን ኢብሪማ ያድርጉት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የግዕዝ ፊደል አለው፣ ቦልድም አለው። ናያላ ውብ ነው፣ ግን የራሱ ቦልድ የለውም፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ፎንቶች የሚለው ፊቸር ካልተጫነ አይገኝም። መጠኑን 11 ቢያደርጉት ነጭ በጥቁር ሰማያዊ ላይ ሲሆን የፊደሉ ቅጥያ አይጠፋም።

ኮድ_ቀማሪ፦

የጥያቄ ምልክቱ ምክንያት ቪቢኤ ኤዲተሩ ዩኒኮድ አለመሆኑ ነው። ኤዲተሩ የሚጽፈው በዊንዶውሱ ኮድ ፔጅ ነው፣ አማርኛ ደግሞ የራሱ ኮድ ፔጅ የለውም። ስለዚህ ሩሲያኛ ወይም ዓረብኛ የሚጽፉ ሰዎች እንደሚያደርጉት ሲስተም ሎኬሉን መቀየር ለእኛ አይሠራም። አክሰስ ራሱ ግን ዩኒኮድ ነው። ፕሮፐርቲ ሺቱ ላይ በካፕሽን የምትጽፈው አማርኛ የሚሠራው ለዚያ ነው።

መፍትሔው አማርኛው ከኮዱ ውጭ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሁለት ኮለም ያላት ትንሽ ቴብል ፍሮንት ኢንዱ ውስጥ ፍጠር፣ አንዱ ቁጥር፣ አንዱ ጽሑፍ። 1 «አስተካክል»፣ 2 «መዝግብ»። ኮዱ በዲ ሉክአፕ ቁጥሩን ጠይቆ የመጣለትን ለካፕሽኑ ይሰጣል። ሁለት ቃል ብቻ ከሆነ ቴብልም አያስፈልግም፤ ሁለት የተደበቁ ሌብሎች ፎርሙ ላይ አስቀምጥና የእነሱን ካፕሽን እያነበብክ ለበተኑ ስጠው። በክር ደብልዩ ፈንክሽን ፊደል በፊደል መገንባትም ይቻላል፣ «ሀ» 4608 ነው፣ ሌሎቹ ከዚያ ይቀጥላሉ። ግን ከስድስት ወር በኋላ ያንን ኮድ የሚያነብ ሰው አይወድህም።

ሠንጠረዥ_7፦

በተደበቀ ሌብል ሠራ፤ አይኮኖቹም ተስተካክለዋል። ለሁሉም ኮምፒውተር አድርሼ አንዱ ላይ ብቻ በተኖቹ አሁንም ግራጫ ናቸው። ፋይሉ ያው ነው።

የፎርም_ጠበቃ፦

በቅደም ተከተል እይ። መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሾርትከት የሚከፍተው የቱን ፋይል እንደሆነ፦ ስሙ አንድ ሆኖ መጨረሻው ኤምዲቢ የሆነው የድሮ ቅጂ አሁንም እዚያ ካለ እሱን እየከፈተ ይሆናል። ቀጥሎ የአክሰሱን ቨርዥን፦ 2007 ኤሲሲዲቢ ይከፍታል፣ ሼፕና ሆቨር ግን አያውቅም፤ በተኑን በድሮ መልኩ ያሳየዋል። ለዚያ ኮምፒውተር ሙሉ አክሰስ መግዛት አያስፈልግም፤ ከ2010 ወዲህ ያለ አክሰስ ራንታይም (የተሠራ ዳታቤዝ ለመጠቀም ብቻ የሚያገለግለው) በነጻ ይገኛል፣ ፎርሞቹንም ልክ እንደ ሙሉው ያሳያል። ራንታይሙን ስትጭን 32 ቢት ይሁን 64 ቢት እዚያው ካለው ኦፊስ ጋር መግጠም አለበት።

የድሮዎቹን ኤምዲቢ ቅጂዎች ከየኮምፒውተሩ አንሳ፤ ባክአፑን አንድ ቦታ አስቀር።